«አንድ ቆርጠን አሥር እንተክላለን» የሚለው ሒሳብ የት ላይ ይሳሳታል?

ኮልፌ ቀራንዮ የምትኖሩ ከሆነ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ምዕራብ ዞር በሉ። ከቤቶቹ ጀርባ የወጨጫ ተራራ ይታያችኋል። ከተራራው ባሻገር፣ እናንተ በማታዩት ጎኑ፣ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኮሶ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል።

ስለ እንዲህ ዓይነት ጥብቅ ደኖች ሲወራ አንድ ክርክር ደጋግማችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም፦ «ዛፍ ቢቆረጥ ምን አለበት? በምትኩ አሥር እንተክላለን።» ሲሰሙት ደስ ይላል። ሒሳቡ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይሳሳታል።

አንደኛ፣ ጊዜን ይረሳል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ለአጠና ይደርሳል። ጥድ ግን ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ከተቆረጠ አበቃ፤ ከዘር መጀመር አለበት፣ እድገቱም አዝጋሚ ነው። ዛሬ የወደቀውን ትልቅ ጥድ የሚተካ ዛፍ እናንተ በሕይወት እያላችሁ ላታዩ ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ዛፍን ለብቻው ይቆጥራል። ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ነው። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ይበትኑታል። ስለዚህ ወንዴዎቹ ወይም ሴቴዎቹ ተመርጠው ከተመናመኑ፣ ወይም ወፎቹ ከሸሹ፣ የቀሩት ዛፎች ቢቆሙም ተተኪ ያጣሉ። ደኑ ከሩቅ አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ግን እያረጀ ነው።

ሦስተኛ፣ አፈሩን አያይም። በአሮጌ ደን ውስጥ የረገፈ ቅጠልና የበሰበሰ ሥር አፈሩን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል፤ የክረምቱን ዝናብ ይውጥና በበጋ ቀስ እያለ ለምንጮች ይለቃል። አዲስ የተተከለ ችግኝ ይህን ሥራ ወዲያው መረከብ አይችልም።

ታዲያ እንጨት አንጠቀም ማለቴ ነው? አይደለም። እዚያው ኮልፌ አጠና ተራ ሂዱና ተመልከቱ፤ ተደርድሮ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን በብዙ ነገር ልንወቅሰው እንችላለን፤ ግን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ብለን የተከልነው እያንዳንዱ ዛፍ ከተፈጥሮ ደን ላይ ሸክም ያቀልላል። እንጨት ተሸክመው የሚያድሩ ሰዎችን ብቻ «አትቁረጡ» ብሎ መቆጣት ደግሞ መፍትሔ አይሆንም፤ ሌላ ማገዶና ሌላ ገቢ ያስፈልጋቸዋል።

መትከል ጥሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስሙ ራሱ «የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም» ነው። እኛ ግን እኮ ስለ መጀመሪያውና ስለ መጨረሻው ብዙ እናወራለን፤ መሃል ላይ ያለችዋን «ጥበቃ» እንዘላታለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «አሥር እንተክላለን» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ የምን ዛፍ? የት? ከሦስት ዓመት በኋላስ ስንቱ ይጸድቃል? መልስ ከሌለው፣ ቁጥሩ የደን ሒሳብ አይደለም። የጉድጓድ ቆጠራ ነው።