ጉበት ሲታመም አንጎል የሚያወጣው መስመር

ጉበቱ በሲሮሲስ የተጎዳ ሰው ስሙንና ቀኑን ሳይስት፣ መኪናውን እየነዳ፣ ትኩረቱ በዝግታ ሊሸረሸር ይችላል። ሐኪሙ በጨዋታ መሐል አይደርስበትም። ተራው የኤምአርአይ ምስልም ብዙ አይረዳም። ግሎበስ ፓሊደስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነጥቶ ሊታይ ይችላል፤ ያ ግን ጉበት ማስወገድ ያቃተው ማንጋኒዝ መከማቸቱን ይጠቁማል እንጂ የአእምሮን መዛባት በአስተማማኝ አይለካም። እኔን የሚያስደንቀኝ በዚያው ማሽን የሚሠራ ሌላ ጥበብ ነው፤ ምስል ሳይሆን የአንጎልን ንጥረ ነገሮች በየሲግናላቸው የሚለየው ፕሮቶን ስፔክትሮስኮፒ።

ባለሙያው አንጎል ውስጥ ጎኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ይመርጣል፤ ከራስ ቅሉና ከስቡ እንዲርቅ እየተጠነቀቀ። ከዚያ መግነጢሳዊው መስክ በኩቡ ውስጥ ሁሉ እኩል እንዲሆን ይስተካከላል። ዛሬ ይህን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል፤ ጎበዝ ባለሙያ ግን የውኃው ሲግናል ጫፍ ምን ያህል እንደቀጠነ ሳያይ አይቀጥልም፤ መስኩ ከተዛነፈ ጎረቤት ጫፎች ይደባለቃሉና። ቀጥሎ የውኃው ሲግናል ይታፈናል። ውኃ ከሚፈለጉት ንጥረ ነገሮች በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚበዛ፣ ሳያፍኑት መፈለግ ፏፏቴ ሥር ቆሞ ዋሽንት እንደ ማዳመጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ጫፎች ያሉት አንድ ቀጭን መስመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሮላንድ ክራይስና ብራያን ሮስ፣ ከባልደረባቸው ጋር፣ በጉበት ሕመም የታወከ አንጎል በዚህ መስመር እንደሚታወቅ ላንሴት መጽሔት ላይ አሳዩ። የጫፎቹ ቦታ በመስመሩ ላይ በሚለካበት በፒፒኤም ሲቆጠር፣ በ2.1 እና በ2.5 መካከል የግሉታሚንና የግሉታሜት ጫፍ ከፍ ይላል። 3.2 ላይ ኮሊን ዝቅ ይላል፤ 3.56 ላይ ደግሞ ማዮ-ኢኖሲቶል ይመነምናል።

ውበቱ እነዚህ ለውጦች እርስ በርስ መያያዛቸው ላይ ነው። ጉበት ያላጠራው አሞኒያ በደም አንጎል ይደርሳል፤ አስትሮሳይት የተባሉት ሴሎች ከግሉታሜት ጋር አዋሕደው ግሉታሚን ያደርጉታል። የተጠራቀመው ግሉታሚን ውኃ ይስባል፤ ሴሉም እንዳያብጥ ማዮ-ኢኖሲቶሉን ያወጣል። አንዱ ጫፍ መርዙን፣ ሌላው የሴሉን መከላከያ ያሳያል፤ ሁለቱንም ያለ መርፌ፣ ያለ ቀዶ ጥገና እናነባለን።

በ1.5 ቴስላ ማግኔት ግሉታሚንና ግሉታሜት ተደራርበው በአንድነት ይለካሉ። በ7 ቴስላ ግን ተለያይተው ይወጣሉ። ወረቀትና እርሳስ የሚጠይቁት የትኩረት ፈተናዎች እስካሁን የምርመራው ዋና መሣሪያ ናቸው፤ መስመሩ የሚጨምረው የችግሩን ኬሚስትሪ ነው። ሕሙማኑ ጉበታቸው ከተተካ በኋላ ሲመረመሩም ጫፎቹ ወደ ጤናማው ቁመታቸው ሲመለሱ ታይተዋል።