መቅረዝ በማልያ ላይ፦ የቤይታር ኢየሩሳሌም አርማና የትርጉሙ ጉዞ

የእግር ኳስ ክለብ አርማ ታሪክ ሲጻፍ ትኩረቱ በአብዛኛው በመስመር፣ በቀለምና በፊደል ቅርፅ ላይ ያርፋል። የቤይታር ኢየሩሳሌም አርማ ግን ሌላ ንባብ ይሻል። በቢጫና ጥቁር የቀረበው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በመሠረቱ ያው ሲሆን ትርጉሙ ግን ደጋግሞ ተቀይሯል። የቀየሩትም ፖለቲካውና ደጋፊው ናቸው።

ክለቡ በ1936 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ምልክቱን የወረሰው ጽዮናዊው መሪ ዜቭ ጃቦቲንስኪ በ1923 በሪጋ ከመሠረተው፣ ቤይታር ከተባለው የወጣቶች ንቅናቄ ነው። በ1949 አዲሲቱ እስራኤል የሻሚር ወንድማማቾች የነደፉትን ብሔራዊ አርማ አጸደቀች፤ መነሻውም በሮም የቲቶ ቅስት ላይ የተቀረፀው መቅረዝ ነበር። መቅረዙ በዚህ ጊዜ የመንግሥትም የተቃዋሚም ምልክት ሆነ፤ መንግሥቱን የሚመራው የሠራተኞች ፓርቲ፣ ክለቡ ደግሞ የተፎካካሪው ጎራ ነበርና። የከተማው ባላንጣ ሃፖኤል ኢየሩሳሌም በበኩሉ ከሠራተኛ ማኅበሩ ስፖርት የመጣውን መዶሻና ማጭድ ይዞ ይሰለፍ ነበር። ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ለመጡ፣ በሥልጣን ዳር ለቆዩ ብዙ አይሁዶች የቤይታር መቅረዝ የክብራቸው ምልክት ሆነ። ቤይታር በ1976 የመጀመሪያውን የሀገሪቱን ዋንጫ አነሣ፤ በዓመቱ የዚሁ ተፎካካሪ ጎራ መሪ ሜናኼም ቤጊን ምርጫ አሸነፈ። የተገፉት ሰዎች ምልክት ወደ ገዢዎቹ ወገን ተሻገረ።

ቅዱስ ምልክትን በደረቱ ያነገበ ክለብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማዕቱ ስም ይጠራል፤ ተጫዋቾቹም «ፈረሰኞቹ» ይባላሉ። ቤይታርንም ደጋፊዎቹ «መቅረዙ» ይሉታል። በሁለቱም ምልክቱ የክለቡ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ምልክት ታዲያ ትርጉሙን የሚያገኘው ከሥሩ ከተሰበሰበው ሰው ምግባር ነው።

የቤይታርም ፈተና እዚህ ላይ ነው። በ2013 ሁለት የቼችንያ ሙስሊም ተጫዋቾች ሲመጡ የክለቡ ጽሕፈት ቤት በእሳት ተጠቃ፤ ዛውር ሳዳዬቭ ጎል ሲያስቆጥርም በርካታ ደጋፊዎች ስታዲየሙን ጥለው ወጡ። ያን ቀን መቅረዙ የማግለያ ምልክት ሆነ። በ2020 መጨረሻ የኤምሬትስ ሼክ የክለቡን ግማሽ ድርሻ ሊገዛ መስማማቱ ሲገለጽ ደግሞ ያው መቅረዝ የእርቅ ተስፋ ተደርጎ ታየ፤ ውሉ ግን አልጸናም። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሥዕል ሁለት ተቃራኒ ንባቦችን አስተናገደ።

ለዚህ ፈተና ኢየሩሳሌም ራሷ መልስ አላት። በኢትዮጵያ ጎዳና በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት መግቢያ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል፤ በነቢያት ጎዳና ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት ሕንፃም አለ። የኢየሩሳሌም ማዘጋጃ ቤት አርማም አንበሳ ነው። ለኢትዮጵያዊው ክርስቲያን የነገሥታቱ ማኅተም፣ ለአይሁዱ የነገዱ ምልክት የሆነው አንበሳ በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሳያስወጣ ኖሯል። ስለዚህ ምልክትን ማፍቀር የግድ ባለቤትነትን በብቸኝነት መያዝ አይደለም።

የቤይታር መቅረዝ መለወጥ አያስፈልገውም፤ የቤተ መቅደስ መብራት ነውና ክብሩ ከክለቡ ይበልጣል። ክለቡ መለወጥ ያለበት መቅረዙን ለማባረሪያ የሚያውለውን ልማድ ነው። የአርማ ተመራማሪም የመቅረዙን ቅርንጫፎች ከመቁጠር አልፎ፣ ማልያውን ለብሰው እንዲጫወቱ የተፈቀደላቸውንና የተከለከሉትን ሰዎች መጠየቅ አለበት።