ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የመድረክ ሥራ

በራቤልም ሆነ በሌላው የመንዝ አገር ልቅሶ የደረሰ ሰው፥ አልቃሽ ሴት በሕዝብ መካከል ቆማ ሙሾ ስታወርድ አይቶ ይሆናል። የሟቹን አካሄድ በግጥሟና በእጇ እንቅስቃሴ ታሳያለች፤ ሹሙም ካህኑም አንገቱን ደፍቶ ያደምጣታል እንጂ ነውረኛ የሚላት የለም። እንግዲህ ያችው ሴት ከተማ ገብታ በቴአትር መድረክ ላይ የሌላ ሰው ሐዘን ብታሳይ፥ ስሟ ስለ ምን ይለወጣል? ወይዘሮ አስናቀች ወርቁን ባሰብሁ ቍጥር ይህ ጥያቄ ከልቤ አይወጣም።

በአገራችን ቴአትር ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ ብዙ ዘመን የሴቲቱን ክፍል ይጫወት የነበረው የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ ነበር። ተመልካቹ በዚህ ስቆ ይሆናል፤ ማልቀሱን ግን እጠራጠራለሁ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወይዘሮ አስናቀች በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት መድረክ ላይ ወጡ፤ ብዙዎችም ከሴቶች የመጀመሪያይቱ ተጫዋች ይሏቸዋል። ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት፥ ሠሩ።

በአሜሪካ ሃቲ ማክዳንኤል የተባለች ጥቁር ሴት ኦስካር የሚባለውን የሲኒማ ሽልማት በ1932 ዓ.ም. ከጥቁሮች ሁሉ ቀድማ ተቀበለች። ያሸለማት የአገልጋይ ክፍል ነበር፤ በዚያችም ሌሊት ከነጮቹ ባልንጀሮቿ ተለይታ በግድግዳ ሥር በተዘጋጀ ትንሽ ገበታ ተቀመጠች። ይህን ስንሰማ እንቆጣለን፥ መቆጣታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ መልኳ ከመልካችን የማይለየውን ሴት «አዝማሪ» ብለን ከጋብቻ ስናርቅ ኖረን የለምን?

ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ስማቸው ሲነሣ የሚወሳው ቁንጅናቸውና ክራራቸው ነው። የክራሩ ነገር እውነት ነው፤ ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጾ፥ በፓሪስ በሚታተመው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ በ16ኛው ክፍል ወጥቷል። የቴአትሩስ? ድርሰቱ ታትሞ የደራሲው ስም በልባሱ ላይ ይነበባል፤ ተጫዋቿ የት ላይ ዝም እንዳለች፥ ፊቷን ወዴት እንደ መለሰች ግን የጻፈ እምብዛም የለም። በዚህ የሚወቀሰው ደራሲው አይደለም፤ እኛ ስለ ቴአትር በጋዜጣ የምንጽፍ ሰዎች ነን እንጂ።

ሸክላቸውን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ቃሉን ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚነግሩ ሆነው ዝቅ ያደርጉታል፥ ክራሩም ንግግሩ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ይመስላል። ይህ የዘፋኝ ብቻ ሳይሆን የተጫዋችም ብልሃት ነውና፥ በመድረክም እንዲህ ይናገሩ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግምት ግን ምስክር አይሆንም። በወጣትነታቸው ያዩአቸው ሰዎች ዛሬ እጅግ አርጅተዋል፤ ሄዶ የሚጠይቅ ቢገኝ፥ የክራሩን ነገር ለጊዜው ትቶ፥ ወይዘሮ አስናቀች በመድረክ ላይ ሐዘን ሲያሳዩ እጃቸውን እንዴት ያደርጉ እንደ ነበር ይጠይቅልን።