የካዛንቺስ ጆሮ
በድምፅ ጥራት ፍቅር የተለከፈ ሰው ከደመወዙ እየቆነጠረ ዛሬ ሸክላ ማጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ አምፕሊፋየር፣ ቆይቶ ስፒከር ይገዛል። ከዚያ የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመራቸው ሸክላዎች አንዷን በስስ ጨርቅ ጠርጎ ያስቀምጣል። በደቂቃ 45 ጊዜ ትሽከረከራለች፤ መርፌዋ የምታርፍባት 2 ግራም ገደማ በሚሆን ጫና ነው። ሲስተሙ ደህና ከሆነ የሳክስፎኒስቱ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

የአዲስ አበባው የካዛንቺስ ሰፈር ልጅ ግን መለኪያው ሌላ ነው። ፈንድቃን በመሳሰሉ የሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች ማሲንቆን በቅርብ ርቀት ሰምቷል። የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲፈገፍግ የሚወጣውን ያን ሻካራ ድምፅ አለስልሶ የሚያልፍ ስፒከር፣ ዋጋው ጣራ ቢነካም፣ እሱን አያታልለውም።