የጤነኛ ሰው ዳሌ በምን ይለካ?

እግር ሲነሣ ዳሌ ጸንቶ መቆየቱን ለመመርመር ከተለመዱት ፈተናዎች አንዱ እግርን ቀጥ አድርጎ የማንሣት ፈተና ነው። ተመርማሪው በጀርባው ተንጋሎ፣ ጕልበቱን ሳያጥፍ፣ አንዱን እግር ከአልጋው 20 ሳንቲ ሜትር ያኽል ከፍ ያደርጋል፤ ምን ያኽል እንዳስቸገረውም ራሱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ይህን ፈተና የሆላንዱ ሐኪም መንስና ባልደረቦቹ በ1999 እና በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጥናቶች ያስታወቁት ከእርግዝና ወዲህ የዳሌ ሕመም ለያዛቸው ሴቶች ነው።

ለዚያ ጉዳይ መልካም ፈተና ነው። ዳሌው በቀበቶ ሲጠብቅ እግሩ ቀልሎ የሚነሣ ከኾነ፣ ችግሩ ከጭን ጡንቻ ድካም ይልቅ ከዳሌው አለመጽናት እንደ ኾነ ይጠቁማል። (የእናቶቻችን መቀነት ትዝ ሊለን ይችላል፤ ነገር ግን መቀነት ወገብ ላይ፣ ይህ ቀበቶ ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ ስለሚታሰር አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።)

የምንነቅፈው በዚሁ ፈተና የጤነኞችን ጥንካሬ እለካለሁ ማለትን ነው። ጤነኛ ጐልማሳ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም አላስቸገረኝም» ይላል፤ ነጥቡም 0 ይኾናል። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ወርዶ የፒያሳን ዳገት ደብተር ብቻ ይዞ የሚወጣ ተማሪና ያንኑ ዳገት ጆንያ ተሸክሞ የሚወጣ የአራዳ ኩሊ አልጋ ላይ እኩል ይኾናሉ። ይህን እኩልነት ማን ያምናል?

በእርምጃ ጊዜ አካል በአንድ እግር ብቻ የሚቆምበት ቅጽበት አለ። ያን ጊዜ ዳሌውን ከመዘንበል የሚያግደው በቆመው እግር በኩል ያለው የዳሌ ጎን ጡንቻ ነው። ትሬንደለንበርግ በ1895 እ.ኤ.አ. የገለጸው ምልክት ይህንኑ ይመለከታል፤ ጡንቻው ሲደክም እግሩ የተነሣው ጎን ዝቅ ይላል። ይህም ቢኾን መርማሪው ዳሌውን ብቻ ካየ ይታለላል፤ ደካማው ሰው ደረቱን ወደ ቆመው እግር አዘንብሎ ዳሌውን ሊያቃና ይችላልና።

ጥንካሬን በቍጥር የፈለገ ዳይናሞሜትር ይያዝ። የተገኘውን ኒውተን ብቻ መጻፍ ግን አይበቃም። መሣሪያው ከዳሌ መጋጠሚያ በራቀ ቍጥር ያው ጡንቻ ያነሰ ኒውተን ያሳያልና ርቀቱ በሜትር ተለክቶ ይባዛበት፤ ውጤቱም ለሰውነት ክብደት ይካፈል። አለዚያ እግረ ረዥሙ ያላግባብ ደካማ ይባላል።

የጤነኛ ልክ ከተማሪዎች ብቻ የተወሰደ እንደ ኾነ፣ ነገ ሸክም ያጐበጠው ሰው «ወገቤን» ብሎ ሲመጣ የሚመዘነው በዚሁ ልክ ነው። ስለዚህ ጥናቱን የሚቀጥሉ ጓደኞቻችን ፈቃደኛ የኾኑ የአራዳ ኩሊዎችንም ይጨምሩ። ልኬቱም ጠዋት ከሥራ በፊት ይኹን፤ ሲሸከም የዋለ ጡንቻ ሌላ ቍጥር ይሰጣልና።