ቱቦው ቢሙን ሲያልፍ

የአውቶካድ ሞዴል ሲመጣልኝ ዙሪያውን እያገላበጥኩ አላደንቅም፤ ቀለምና ጥላ ማንንም ያታልላል። መጀመሪያ የማየው የፍሳሽ ቱቦ ቢም የሚያልፍበትን ቦታ ነው። የሠሪው ጥንቃቄ የሚታወቀው እዚያ ነው።

እዚያ ላይ ቆርጬ አያለሁ። አቆራረጡ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። 110 ሚሊሜትር ቱቦ መሐል ለመሐል በቁመቱ ሲቆረጥ 110 ሆኖ ይታያል፤ ከመሐሉ 40 ሚሊሜትር ፈቀቅ ተብሎ ከተቆረጠ ግን የሚያሳየው 75 ገደማ ነው። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ ልኩ ግን ውሸት። ስለዚህ ጎበዝ ሠሪ የመቁረጫውን ሦስት ነጥቦች በዓይን ግምት አይጥልም፤ ከቱቦው ማዕከል ያነሳል። ዋናውን ሶሊድም በስላይስ ትእዛዝ አይነካውም፤ ቅጂው ላይ ይሠራል፣ ወይም በሴክሽን ፕሌን ያያል። ተቆርጦ በዩኒየን የተመለሰ ሶሊድ መልኩ ቢገጥምም ከየትኞቹ ቅርጾች እንደተገነባ የሚይዘው መዝገብ ጠፍቷል።

ቀጥሎ የቱቦውና የቢሙ መደራረብ ይፈተሻል። ኢንተርፊር የሚባለው ትእዛዝ ሁለቱን አካላት ሳይነካ የተጋጩበትን ክፍል ለብቻው ሶሊድ አድርጎ ያወጣል። ኢንተርሴክት ዋናዎቹን ስለሚበላ ለምርመራ አልወደውም። ብዙዎች ግጭቱ መኖሩን አይተው ያልፋሉ፤ እኔ ግን ቁራጩን አስቀርቼ ይዘቱን በማስፕሮፕ ትእዛዝ አወጣለሁ። እንደ ድፍን ሲሊንደር የተሣለው ያ ቱቦ 250 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ቢም ቀጥ ብሎ ሲያቋርጥ 2.38 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሚሊሜትር ያህል ይመጣል። ከዚህ በእጅጉ ካነሰ የቢሙን ጠርዝ ጨርፎ አልፏል ማለት ነው። ቱቦዎቹን እርስ በርስ ስፈትሽ ደግሞ የአንዱ ሙሉ ይዘት ከወጣ፣ ያው ቱቦ አንዱ በሌላው ላይ ሁለት ጊዜ ተሥሏል።

ከሁሉ የምፈራው «ግጭት የለም» የሚለውን መልስ ነው። አንድ ጊዜ አምኜው ፈርሜያለሁ። ቢሙ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ ነበር፤ ልኩም እቅጩን 110። ገጾቹ ተነካኩ እንጂ ስላልተደራረቡ ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ኮንክሪቱ ተሞልቶ ሳንቃው ሲነሳ ቱቦው አልገባም አለ። የቧንቧ ሠራተኛው በመሮና በመዶሻ ሲፈለፍል ፌሮው ብቅ ሲል ቆሜ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ልቤን የሚያሳርፈው ሠሪ በቱቦው ዙሪያ ሌላ ወፈር ያለ ሲሊንደር፣ 160 ሚሊሜትር እንበል፣ በተለየ ሌየር ሥሎ ከቢሙ ጋር የሚያጋጨው ነው። የቀዳዳው ልክ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ የስትራክቸር መሐንዲሱም ቢሙ ይችለው እንደሆነ የሚጠየቀው በዚያው ልክ ነው። ፋይሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ሌየር ካገኘሁ የቀረውን ሞዴል ተረጋግቼ አያለሁ።