ሌፕቲን በብልቃጥ

ለምርምር የሚሸጠው የሰው ሌፕቲን ዓይን ካልተተከለበት የማይታይ ነጭ ብናኝ ነው፤ ከብልቃጡ ታች ተጣብቆ ይመጣል። በሰውነታችን ውስጥ ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት የስብ ሕዋሳት ናቸው፤ ለአንጎል «ስንቅ አለ» ይሉበታል። የብልቃጡን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው ኢ. ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ ናት። የሰው ዘረመል ሲሰጧት 146 አሚኖ አሲዶችን በቅደም ተከተል ትቀጥላለች፤ ማጣጠፉ ላይ ግን አትታመንም። ፕሮቲኑ ተጓጉሎ ስለሚከማች ባለሙያው አሟሙቶና ፈትቶ፣ ቀስ በቀስ ወደ ቅርጹ ይመልሰዋል፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ሲስቴይን የተባሉ አሚኖ አሲዶችም በትክክል መያያዝ አለባቸው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ትዕግሥት ነው።

ዘረመሉን በ1994 እ.ኤ.አ. ያገኘው በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው። በዓመቱ፣ ሌፕቲን አጥተው የሚወፍሩ አይጦች በዚሁ ፕሮቲን መርፌ ምግብ ቀነሱ፣ ከሱም። የማቅጠኛ መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወራ (ወሬ መቼ ይጠፋል!)። ይሁንና አብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ሌፕቲን ሞልቷቸዋል፤ አንጎላቸው ነው የማይሰማው። ከተፈጥሮ ሌፕቲን ለሌላቸው ጥቂት ልጆች ግን መርፌው የማያባራውን ረሃባቸውን አስታገሠ።